ምሕንድስናን ከመምረጣችን በፊት

በዚህ እትም የምንነጋገርበት ጉዳይ ከየቤታችን የወጣ ነው። በእብናትና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች አንድ ልጅ በሒሳብ ጥሩ ውጤት ካመጣ መምህሩም፣ ጎረቤቱም፣ አጎቱም በአንድ ቃል «ይኼማ ኢንጂነር ነው» ይሉታል። ልጁም ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ስሙን ይቀበላል። ኋላ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቶ የምርጫ ቅጽ ሲሞላ የሚመርጠው እርሱ ሳይሆን ያ ስም ይሆናል። መሐንዲስ ጠዋት ተነሥቶ ምን ሲሠራ እንደሚውል ጠይቆ የተረዳ ግን በመካከላችን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው እንጂ ማንንም ከምሕንድስና ለማስፈራራት ወይም ወደ ምሕንድስና ለመንዳት አይደለም።

ነገሩም ቀላል አይደለም። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ትምህርት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ብዙዎቻችን ዕድሜ ከስረናል። በዚያ ላይ ልጅን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ አባት በሬ፣ እናት ቅቤና ዶሮ የሚሸጡበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት «አልሆነልኝም» ብሎ ሲመለስ የሚባክነው የእርሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ ሊማር ተራውን የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ወይም እኅትም አለ።

ይህ «ኢንጂነር» የሚለው ስም እንዲህ የገነነው በምን ምክንያት ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። በሀገራችን የምሕንድስና ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። በባሕር ዳርም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለነበረ የወጣው ሁሉ ሥራ ይጠብቀው ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተማሪ እንዲሆን፣ ከጠቅላላውም 40 በመቶው ወደ ምሕንድስናና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ አቀደ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ ወዶ የገባውም ተመድቦ የገባውም በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። የተመራቂው ቁጥር ከሥራው ቁጥር በላይ ሲሄድም ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ያነጠፉ፣ ባጃጅ የነዱ ወንድሞች አየን። ኮብልስቶን ማንጠፍ ነውር ነው ማለታችን አይደለም፤ አምስት ዓመት የተማሩት ግን ለዚያ አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ሁለት ወሬ በአንድ ገበያ ይሰማል። አንዱ ታላቁ የሕዳሴ ግድብን እያሰበ «ተማር፤ እንደ ኢንጂነር ስመኘው ትሆናለህ» ይላል። እውነትም ስመኘው በቀለ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ማክሰኚት ተወልዶ፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውን ግድብ በሥራ አስኪያጅነት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የመራ ሰው ነው፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሌላው ደግሞ «ኢንጂነሪንግ ድሮ ቀረ፤ ሥራ የለውም» ይላል። ሁለቱም ስለ ልጁ አንዳች ነገር አይነግሩንም። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ክብር ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ወቅት የሥራ ገበያ ነው። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ሥራው ራሱ ምን ዓይነት ነው፣ ያስ ሥራ ለእኔ ይስማማኛልን ብለን ነው።

ሥራውን ለማየት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። በዞናችን በአንዳቤት በኩል፣ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ሞጣ የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ እንውሰድ። በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በተሰበረው ክፍተት ላይ በገመድ እየተሳበ ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ይህን በገመድ የመሻገር ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት አይቶ ተነሣሣና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጥሞ ሰው በእግሩ መሻገር ጀመረ። ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን በ2005 የክረምቱ ሙላት መጥቶ የብረቱን መሻገሪያ ጠርጎ ወሰደው። ሰዎቹ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ በአሮጌው ድልድይ ላይ ከመቀጠል ይልቅ ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ በ2009 ሠሩ።

እስቲ ይህን ታሪክ ቆም ብለን እንመርምረው። ብረት ማጋጠሙ፣ ብሎን ማጥበቁ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ጥያቄ «ዐባይ በክፉ ክረምት እስከ የት ይደርሳል?» የሚል ነበር። መሐንዲስ ማለት ይህን ጥያቄ በቁጥር የሚመልስ፣ መልሱም ሲሳሳት ወንዙ በሕዝብ ፊት የሚያርመው ሰው ነው። በፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ብንስት ከመቶው አንድ ነጥብ ይቀነስብናል፤ ድልድይ ላይ ግን አንዷ ስሕተት ዘጠና ዘጠኙን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ኃላፊነት ሲያስበው የሚጓጓ ልብ አለ፤ ሲያስበው እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ሁለቱም ልቦች ጥሩ ናቸው፤ ለአንድ ሙያ ግን እኩል አይደሉም።

ከዚህም ይልቅ የሚቀርበን የርብ ግድብ ነው። ከጉና የሚወርደው ርብ በእብናትና በፋርጣ ወሰን ላይ 73 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የአፈርና የድንጋይ ግድብ ተገድቦ፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና ወደ 20 ሺሕ ሄክታር የሚጠጋ የፎገራና የሊቦ ከምከም መሬት እንዲያጠጣ ታቅዶ ተሠርቷል። ሥራው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ከታሰበው ጊዜ እጅግ በላይ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ግድቡን ያየ ልጅ «እኔም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ» ይላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ዙሪያውንም ይመልከት። ከበላይ ካለው ገደላማ መሬት ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር እየተጠረገ ይወርዳል፤ ያ አፈር ሐይቁ ውስጥ በተኛ ቁጥር የውኃው ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ከተራራው ላይ እርከን የሚያሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ለግድቡ ዕድሜ ከመሐንዲሱ ያነሰ ድርሻ የለውም። ማሳው ከውኃ በታች የሆነበት ገበሬም አለ፤ ካሳውን የሚተምን፣ ቤቱ ገብቶ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል። ውኃው ወርዶ ፎገራን ሲያጠጣ ከላይ ያለው የእብናት ገበሬ ግን ዛሬም ሰማይ ሰማዩን ያያል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እብናት ላይ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመጠለያ ሰፍሮ እንደነበር አዛውንቶቻችን ያስታውሱታል። ለደጋው የሚሆነው የጉድጓድ ውኃ ነው፣ የተጠራቀመ ጎርፍ ነው ወይስ ሌላ? ይህ ጥያቄ የእኛን ልጆች የሚጠብቅ ነው፤ ነገር ግን የውኃ መሐንዲስን ብቻ ሳይሆን የሥነ ምድር ምሁርን፣ የግብርና ባለሙያን፣ ጤና መኮንንንም ይጠራል። አንድ ልጅ «ወገኔን መርዳት እፈልጋለሁ» ስላለ ብቻ መሐንዲስ ይሁን ማለት አይቻልም።

ታዲያ ራሳችንን እንዴት እንፈትን? በሒሳብ ዘጠና ማምጣት ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀመር ሸምድዶ ዘጠና የሚያመጣ አለ፤ ሰባ አምጥቶ የሳተውን ጥያቄ ማታ በኩራዝ የሚፈልግ አለ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካልኩለስ፣ ስታቲክስ፣ የምሕንድስና ንድፍ በየተራ ይመጣሉ፤ እዚያ ሽምደዳ ቶሎ ይነጥፋል።

አንድ ሙከራ እንጠቁማለን። ከየሰፈራችን አጠገብ ሰው በእንጨት የሚሻገረው ጅረት አይጠፋም። ገመድና ሜትር ይዛችሁ ውረዱ። ወርዱን፣ ጥልቀቱን ለኩ። ክረምት ውኃው የደረሰበትን ምልክት በድንጋዩና በቁጥቋጦው ላይ ፈልጉ፤ ከዚያ አንድ አዛውንት አባት ጠይቁና «እርስዎ ካዩት ሁሉ ትልቁ ሙላት የቱ ነበር?» በሉ። ወደ ቤት ተመልሳችሁ በካሬ ወረቀት ላይ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ሲታይ እንዴት እንደሆነ በመጠን ንደፉት። ልኩ አልገጥም ሲላችሁ ተመልሳችሁ ለመለካት እግራችሁ ከተነሣ፣ ከሰዓቱም መምሸቱን ካላወቃችሁ፣ ይህ ከማንኛውም የጎረቤት ምስክርነት ይበልጣል። ገና ሳትጨርሱ ከሰለቻችሁም ጥሩ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያወቃችሁትን ሌላው በሦስተኛው ዓመት ነው የሚያውቀው።

ሌላም ጠባይ ያስፈልጋል፤ ሲበላሽ አለመሸሽ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሯቸው የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ የመጀመሪያ ሙከራቸውም ከሽፏል። በኋላ ሴባስቶፖል ተሠራ። ነገር ግን ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ከሠሩት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል መንገድ መጥረግ ነበረባቸው፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የመሐንዲስ ዕድሜ በብዛት የሚያልፈው እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ በፀሐይ፣ በአቧራ፣ ከቤተ ሰብ ርቆ፣ ሲሚንቶ ዘገየ ሲባል፣ መኪና ተበላሸ ሲባል። ቢሮ ውስጥ ከረባት አስሮ የሚታየው በፎቶግራፍ ነው።

ለእኅቶቻችን አንድ ቃል አለን። «የወንድ ሙያ ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሙላት የሚለካው በጡንቻ አይደለም። ይልቅ ቤት ውስጥ ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ የጥናት ሰዓታችሁን ከወሰደው፣ ይህን ከእናት ከአባት ጋር ተነጋግራችሁ፣ ወንድሞቻችሁም ጀሪካኑን ተሸክመው፣ ሰዓቱ ይመለስላችሁ።

ከምሕንድስናም ውስጥ የትኛው የሚለው ጥያቄ አለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማር ሰው ዝም ብሎ «ትምህርት ልማር» ብሎ አይወጣም፤ ድጓ የፈለገ ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይሄዳል። እኛ ግን ሲቪልና ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካልና ኬሚካል፣ የውኃ ሀብትና ኢንዱስትሪያል የሚለያዩበትን ሳንጠይቅ «ኢንጂነሪንግ» ብለን እንጽፋለን። ምድቡም በምኞት ብቻ የሚሆን አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ይመደባል፤ ምሕንድስና የገባም የትምህርት ክፍሉን የሚያገኘው ተወዳድሮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን በ50 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል።

ከወላጅ ጋር መነጋገሩ ከሁሉ የሚከብድ ነው። አባታችን በሰው ፊት «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ብለው ከተናገሩ በኋላ «አባባ፣ እኔ ነርስነት ነው የምወደው» ማለት ድፍረት ይመስላል። ቢሆንም ከአምስት ዓመት በኋላ ከመናገር ዛሬ መናገር ይሻላል። ብቻችሁን አትግቡ፤ አባት የሚያከብሩትን ሰው፣ መምህራችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ ግቡ። «አልፈልግም» ብቻ ብላችሁም አትቁሙ፤ የምትፈልጉትን ትምህርት ስም፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ሲጨርሱ የት እንደሚሠራበት ጠይቃችሁ ያዙ። እጁ የሚሠራለት፣ መጽሐፍ የማያስቀምጠው ወንድምም በቴክኒክና ሙያ ገብቶ ቅየሳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ቢማር ቶሎ ራሱን ይችላል፤ ይህን መንገድ እንደ ውድቀት የሚቆጥሩት እኛ ሰፈር ያሉ ሰዎች ናቸው እንጂ ባለሙያ ያጡት አይደሉም።

እንግዲህ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የእናንተ ምርጫ ከሁሉ ይቀድማል፤ 11ኛ ክፍል ስትገቡ ማኅበራዊ ሳይንስን ከያዛችሁ የምሕንድስናው በር በዚያው ይዘጋልና። የ12ኛ ክፍሎች ደግሞ ቅጹን ስትሞሉ የመጀመሪያውን ምርጫ ብቻ አስባችሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከጓደኛችሁ አትገልብጡ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ብሎ በጻፈው የሚመደብም አለ። ስለዚህ በሦስቱም መስመር ላይ ተመድባችሁ ብትሄዱ የምትማሩትን ጻፉ። ጅረቱን ለክታችሁ የነደፋችሁ ደግሞ ወረቀታችሁን ቅዳሜ ከጉባኤ በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።