የጠባይ ቍጥርና የማኅበራዊ መገናኛ ሥርዓት

ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ሥርዓት የሚያስከብር ያስፈልጋል። ዕድሩ ዳኛ አለው፤ የእኛም ስብሰባ ሊቀ መንበር አለው። ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ በሚነጋገሩባቸው ማኅበራዊ መገናኛዎች ግን አንድ ዳኛ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ቃል ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ ባለቤቶቻቸው የተጠቃሚውን ጠባይ በቍጥር እየመዘገቡ፣ ከዚያ ተነሥተው አጥፊውን ለመለየት ይሞክራሉ። ይህ እንዴት እንደሚሠራና እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚገባ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ነገሩ የሂሳብ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ አይምሰለን። ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚል ፍርድ በመሆኑ የታሪክንና የቋንቋን ተማሪም ይመለከታል።

ሀ/ የሚቈጠረው ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ የሚቈጠሩት እነዚህ ናቸው፦ አካውንቱ ከተከፈተ ስንት ቀን ሆነው? በደቂቃ ስንት መልእክት ይልካል? ለስንት ሰው? ስንቱስ መለሰለት? ስንት ሰው ከሰሰው? ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዋትስአፕ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቶቹ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ለማንም በማይነበብ ምስጢር ስለሚጓዙ፣ ተጠቃሚው ራሱ ከስሶ ካላቀረበለት በቀር ኩባንያው ቃሉን አያይም፤ የቀረው ጠባዩን መመልከት ነው። በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ብቻ የሆነው አካውንት በ15 ሴኮንድ 100 መልእክት ለመላክ ቢሞክር አጥፊ መሆኑ እርግጠኛ ለመሆን የተቃረበ ነው ብሏል። በወሩ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አካውንቶች እንደሚዘጋና ከእነዚህም ከመቶ 75 የሚበልጡት የቅርብ ጊዜ ክስ ሳይቀርብባቸው እንደሚዘጉ ገልጿል። ይህ ደብዳቤውን ሳይከፍት፣ አንድ ሰው በየቀኑ አንድ ሺሕ ፖስታ ይዞ ሲመጣ አይቶ የሚጠረጥረውን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ይመስላል።

ለ/ አጥፊ አስቀድሞ ይታወቃልን?

በ2015 እ.ኤ.አ. ጀስቲን ቼንግ፣ ክርስቲያን ዳኔስኩ ኒኩሌስኩ ሚዚልና ዩሬ ሌስኮቬክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሲኤንኤንን ጨምሮ በሦስት ድርጅቶች ገጽ ላይ የተደረገውን የአንባብያን ውይይት የ18 ወር መዝገብ መርምረው ነበር። በኋላ የተባረሩት ሰዎች በጥቂት የውይይት ርእሶች ላይ እየተከማቹ እንደሚጽፉና ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ መልስ እንደሚስቡ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት እስከ ዐሥር ጽሑፎች ብቻ ተነሥቶም ማን እንደሚባረር በመጠኑ መተንበይ ተችሏል። ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ውጤት አለ፤ ይኸውም ገና በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ያለ አግባብ የተሰረዘባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ የባሰ መጻፋቸው ነው። እንግዲህ ቅጣቱ ራሱ ጠባይን ይለውጣል ማለት ነው።

ቼንግና ሌሎች ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ በጥሩ ስሜት ላይ ሆነው ጨዋ ውይይት ካዩት ሰዎች ጽሑፍ ከመቶ 35 ያህሉ ነውረኛ ሲሆን፣ ተናደው ስድብ ካዩት ዘንድ 68 ደርሷል። ስለዚህ በአንድ ክፉ ምሽት የተመዘገበ ቍጥር የሰውየው ዘላቂ ባሕርይ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

ሐ/ የቍጥር ወጥመድ

አሁን በምሳሌ እናስላ። 10,000 ተጠቃሚዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም 100 ብቻ አጥፊዎች ናቸው። መሣሪያችን ከመቶ አጥፊ 90ውን ይይዛል፤ ከመቶ ንጹሕ ደግሞ በ5ቱ ላይ ይሳሳታል። ይህን የሰማ ሁሉ ድንቅ መሣሪያ ነው ይለዋል። ነገር ግን ከ100ው አጥፊ 90 ሲያዝ፣ ከ9,900ው ንጹሕ 495 አብሮ ይያዛል። በጠቅላላው ከተያዙት 585 ሰዎች በእውነት አጥፊ የሆኑት ከመቶ 15 ያህል ብቻ ናቸው! አጥፊው ጥቂት፣ ንጹሑ ብዙ በሆነበት ስፍራ ሁሉ ይህ ስሌት ይሠራል። ስለዚህ ቍጥሩ የትኛው ጉዳይ አስቀድሞ ይታይ ለማለት ይጠቅማል እንጂ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

መ/ ወደ አገራችን ስንመለስ

የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም አንሥታ ነበር፤ የኩባንያው አሠራር የጎሣ ግጭትን እንደሚያባብስ ተናገረች። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ቃል እየመረመሩ መጠበቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የጠባይ ቍጥር ግን አስተርጓሚ አይሻም፤ ፍጥነት በአማርኛም በሶማልኛም ፍጥነት ነው። ጥቅሙ ይህ ነው።

ጉዳቱንም እንመልከት። የዕድር ጸሐፊ ማታ መርዶ ሲደርሰው ለመቶ አባላት አንዱን መልእክት በጥቂት ደቂቃ ይልካል። በቍጥር ዓይን ይህ ሰውና የሐሰት ወሬ ነዢው አንድ ናቸው። ክስ መቍጠርም እንዲሁ ነው፤ የተደራጁ ሰዎች ተባብረው አንድን ንጹሕ ጸሐፊ ቢከሱት ቍጥሩ ለከሳሾቹ ይመሰክራል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ጥቆማ ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ ይጠይቃል። ዓላማው መልካም ቢሆንም ጊዜው ሲያጥር ዳኝነቱን ለቍጥር የመተው ፈተና ይበረታል።

ከመዝጋት የለዘበ መንገድም አለ። ዋትስአፕ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቡድን ብቻ እንዲተላለፍ ሲወስን፣ እንዲህ ያለው መልእክት ዝውውር ከመቶ 70 ያህል እንደ ቀነሰ አስታውቋል። ማንም ሳይባረር ወሬው ብቻ እንዲዘገይ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቍጥር ይጠቍም፤ ቋንቋውንና አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። ሁለተኛ፣ ከመዝጋት በፊት ማዘግየት ይሞከር። ሦስተኛ፣ የተዘጋበት ሰው ምክንያቱ ተነግሮት ይግባኝ የሚልበት በር ይኑረው። አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ፤ መሣሪያም ከሁለቱ ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አይሻልም። ከመካከላችን ነገ ሕግ የሚያረቅቅ፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያም የሚሠራ ይወጣልና፣ ከመቶ ስንት ተያዘ የሚል አኃዝ ሲቀርብለት «ከተያዙት መካከልስ ስንቱ ንጹሕ ነው?» ብሎ መጠየቅን ከአሁኑ ይልመድ።