«ለእናቴ ሁሌ ደህና ነኝ እላታለሁ»

«እትዬ፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ወዲህ ወደ ቤት መንገድ ላይ ያለውን ጣርማ በርን አልተሻገርኩም፤ በሽታውን እናቴ ዘንድ ይዤ እንዳልሄድ ፈርቼ። ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ሲያርፍ ለቤተሰቡ የምደውለው እኔ ነኝ። ከዲዩቲ ወጥቼ ብጋደምም እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ ምናለ እላለሁ። ለሲኒየሮቼ ብናገር ‹አትችልም› እንዳይሉኝ ዝም አልኩ። ምን ይሻለኛል?»
ሮ. (ግንቦት 2013)

ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ «ባልነቃ ምናለ» ያልሽው ነውና ከእሱ ልጀምር። ይህን ታማሚሽ ቢነግርሽ «ያልፍልሃል» ብለሽ አትሸኚውም። አንቺም ዛሬ ማታ ለምታምኛት ጓደኛሽ ቃሉን ሳታለዝቢ ንገሪያት፤ ብቻሽንም አትደሪ። ሐሳቡ ከበረታብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ከእሷ ጋር ሆነሽ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ባይበረታም በዚህ ሳምንት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለብሽ። ባልደረቦችሽ ፊት ካርድ ማውጣት ከከበደሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የታማሚ ምሥጢር፣ ታማሚው ሐኪም ቢሆንም ምሥጢር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሐኪም አልተለየም።

ፍርሃትሽ የአንቺ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2012 በሞት የተለየችው የኒው ዮርክ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዶክተር ሎርና ብሪን፣ እርዳታ ብጠይቅ የሥራ ፈቃዴን አጣለሁ ብላ ትፈራ እንደነበር ቤተሰቦቿ ተናግረዋል። ያ ፍርሃት ዝም ሊያሰኛት አይገባም ነበር። አንቺንም ዝም አያሰኝሽ።

የሀገርሽን መንገድ አውቀዋለሁ። ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሮቢት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ሾፌሩ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ ዘሎ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ውሃ ይጨመራል። ያንን መኪና «አይችልም» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አንቺ ግን ከዓመት በላይ ዳገት ስትወጪ ጎማሽ ሥር ድንጋይ ያስገባልሽ የለም። ለሲኒየርሽ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ታምሜአለሁ፣ የዲዩቲ ፈረቃዬ ይስተካከልልኝ፣ ፈቃድም እፈልጋለሁ» በያቸው። በደከመ አእምሮ የመድኃኒት መጠን መጻፍ ለታማሚውም አደጋ ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል።

ለእናትሽ የሞቱትን ሁሉ አትቁጠሪላት። «እማዬ፣ ደክሞኛል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ» ይበቃታል። እናት እኮ ድምፅ ትሰማለች፤ «ደህና ነኝ» ስትያት የምታምንሽ አይመስለኝም።

ወደ ሮቢት ስለመሄድ፦ ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነው። ካልተከተብሽ ተከተቢ። ከተከተብሽም ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋምና ከመሄድሽ በፊት ተመርመሪ፣ ማስክሽን አድርጊ፣ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሳትተቃቀፉም ቢሆን ፊትሽን ትይ።

ይህን የምታነቡ ሲኒየሮች፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ስለ ታማሚው ከመጠየቃችሁ በፊት ያደረችውን ልጅ «ተኝተሻል ወይ?» በሏት።

ልጄ፣ ለጓደኛሽ እንደነገርሻት አንዲት መስመር ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።