የአትሌት ፈይሳ ሌሊሳ የማራቶን ሕይወት፦ ከጀልዱ እስከ ሪዮ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ የአትሌት ፈይሳ ሌሊሳ ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው በሪዮ ኦሊምፒክ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የማራቶኑን ውድድር የፈጸመበት ቅጽበት ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን የዓመታት ልፋት ሊጋርድ ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአትሌቱን ዋና ዋና ውጤቶች በቅደም ተከተል በመመርመር፣ በድርጊቱ ምን ለአደጋ እንዳጋለጠ ማሳየት ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

ፈይሳ በ1990 ከጊንጪ በስተሰሜን በሚገኘው ደጋማው የጀልዱ ወረዳ ተወለደ። በጥቅምት 2009 የደብሊንን ማራቶን በ2፡09፡12 አሸነፈ። በሚያዝያ 2010 ደግሞ በሮተርዳም አራተኛ ሲወጣ ሰዓቱ 2፡05፡23 ነበር። በዚህም ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 3 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ አሻሻለ። የሮተርዳም ጎዳና ሜዳማ መሆኑ ለልዩነቱ አስተዋጽኦ እንዳለው አይካድም፤ ሆኖም በ20 ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ ሰዓት ማስመዝገብ ብርቅ ነው።

አሯሯጭ በማይመደብባቸው የሻምፒዮና ውድድሮችም ብቃቱ አልቀነሰም። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በ2፡10፡32 የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በ2012 በቺካጎ ከጸጋዬ ከበደ በ14 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ የግል ምርጥ ሰዓቱን፣ 2፡04፡52ን፣ አስመዘገበ። በየካቲት 2016 የቶኪዮን ማራቶን በ2፡06፡56 አሸነፈ። እንግዲህ ወደ ሪዮ ያቀናው በብቃቱ ከፍታ ላይ ሳለ ነበር።

በኅዳር 2015 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በወቅቱ በኦሮሚያ ተስፋፍቶ ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 2016 ፈይሳ ከኤልዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ በ2፡09፡54 ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ የተቃውሞውን ምልክት አሳየ። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ በአሜሪካ ኖረ፤ ቤተሰቡም በ2017 ተቀላቀለው። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በጥቅምት 2018 ነው።

ከሪዮ በኋላ የቺካጎውን ሰዓት አላሻሻለም። ለዚህ ስደትን ብቻ ምክንያት ማድረግ አይቻልም፤ ማራቶን በዕድሜም በጉዳትም ይፈተናልና። ይሁን እንጂ ከ26 እስከ 28 ዓመት ያለው ጊዜ ለማራቶን ሯጭ ውድ ነው፤ ፈይሳ ያንን ጊዜ በአብዛኛው ከአገሩና ከለመደው የልምምድ ስፍራ ርቆ አሳልፎታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሪዮው ምልክት ክብደት ያገኘው ከፊቱ በነበረው የሰዓት መዝገብ ጭምር መሆኑን ነው። የሚያጣው ብዙ የነበረው ሰው ያደረገው ነውና። ስለዚህ የአካባቢው ወጣቶች ምልክቱን ሲማሩ የደብሊንን፣ የሮተርዳምንና የቺካጎን ሰዓቶችም አብረው ሊማሩ ይገባል።