አካውንቱ ተዘጋ፤ ዕዳውስ?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ጌም ነው። አትደንግጥ፤ ጌም ሐላል ነው ወይስ ሐራም ወደሚለው ክርክር አንገባም፣ እሱን ለዑለማዎቻችን እንተወው። የምናወራው ስትጫወት ከአፍህ ስለሚወጣው ነገር ነው። ማይኩ በርቷል፣ ስኳዱ ሊያሸንፍ ጥቂት ቀርቶታል፣ አንዱ ልጅ ተሳስቶ ሁላችሁንም አስገደላችሁ። ያኔ ስለምትለው ቃል ነው።

መጀመሪያ ሁላችሁም ከምታውቁት እንጀምር። አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት የለፋበት አካውንት አለው። ራንኩ ከፍ ያለ፣ ስኪኑ የተሰበሰበ፣ ለዩሲ ወይም ለዳይመንድ ስንት ብር የወጣበት። አንድ ቀን ሊገባ ሲል «አካውንትህ ታግዷል» ይለዋል። ፐብጂ ሞባይል ላይ በማጭበርበሪያ ፕሮግራም የተያዘ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። የዛሬ የ16 ዓመት ልጅ እገዳው ሲያበቃለት 26 ሞልቶት፣ ምናልባትም አግብቶ ወልዶ ይሆናል። ፍሪ ፋየር ደግሞ አካውንቱን ለዘለዓለም ዘግቶ የተጭበረበረበትን ስልክ ራሱን ያግዳል፤ በዚያው ስልክ አዲስ አካውንት ልክፈት ማለት አይሠራም።

ተሳዳቢ ላይ ግን ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። መጀመሪያ ቻቱ ይዘጋበታል፣ ከደገመ ለጥቂት ቀናት ይታገዳል፣ በጣም ከባሰ ነው አካውንቱን የሚያጣው። ለዚህም ነው ብዙ ልጆች «እኔ መች ሀክ ተጠቀምኩ? ትንሽ ተሳደብኩ እንጂ» የሚሉት። እንደሚመስለኝ ካምፓኒው ጥፋትን የሚመዝነው ገበያውን ምን ያህል እንደሚጎዳበት እያየ ነው። አጭበርባሪ ሲበዛ ተጫዋቹ ጌሙን ጥሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አጭበርባሪው ላይ ይጨክናል። ይህ የካምፓኒው ሚዛን ነው። አንተ የምትጠየቅበት ሚዛን ግን ሌላ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ሰሓቦቻቸውን «ሙፍሊስ ማለት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ብለው እንደጠየቁ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። ሰሓቦቹ ገንዘብና ንብረት የሌለው ከሳሪ ሰው መሰላቸው። እርሳቸው ግን የገለጹት ሌላ ሰው ነው። በቂያማ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙን፣ ዘካውን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አንዱን ሰድቧል፣ የሌላውን ስም አጥፍቷል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል፣ ሌላውን መትቷል። ከመልካም ሥራው እየተቆረሰ ለእነዚህ ሰዎች ይታደላል። ዕዳው ሳያልቅ ሥራው ካለቀ የእነርሱ ወንጀል ተነሥቶ በእርሱ ላይ ይጫናል።

አሁን ያንን የታገደ አካውንት አስበው። ዓመታት የተሰበሰበው በሙሉ ሲጠፋ ልጁ ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ፤ አንዳንዱ ምግብ ሁሉ ይዘጋበታል። በሐዲሱ ላይ ያለው ሰው ኪሳራ ከዚህ ይለያል። ሶላቱ አይሰረዝም፣ አይጠፋም። ባለቤቱ ነው የሚቀየረው። ረመዷን ሙሉ የጾምከው ጾም «አንተ ደደብ» ብለህ ወደሰደብከው፣ ስሙን ወደማታውቀው ልጅ ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ አዲስ አካውንት እከፍታለሁ» የሚለው ልማድ ምን እንደሚመስል እንይ። ታይለር ዋን በሚል ስም የሚታወቅ አሜሪካዊ ተጫዋች አለ። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በሚባለው ጌም ላይ ጎበዝ ነበር፣ በተሳዳቢነቱም የታወቀ። አንዱ አካውንቱ ሲታገድ ሌላ ይከፍታል፣ ያም ሲታገድ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌሙ ባለቤት ራዮት ጌምስ አካውንት መቁጠሩን ትቶ ሰውየውን ራሱን አገደው፤ በየትኛውም ስም ቢገባ እርሱ መሆኑ ከታወቀ ይዘጋል ተባለ። ጠባዩን አስተካክሎ እንዲመለስ የተፈቀደለት በ2018 መጀመሪያ ነው። እገዳው አስቸጋሪ የሆነበት ከስሙ ጋር ሳይሆን ከእርሱ ከራሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። የሰው ሐቅም ከሰውየው ጋር ነው የሚሄደው። በድሮው አካውንትህ የሰደብከው ልጅ ሐቅ አዲሱ አካውንትህ ላይም አብሮህ ገብቷል።

«እኔ እንኳ እንደዚያ ሰውዬ አይደለሁም» ብለህ ይሆናል። ራዮት ጌምስ ግን የሰው ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ቀጥሮ የተጫዋቾቹን ቻት ሲያስመረምር ያገኘው የሚገርም ነው። ዘወትር የሚሳደቡት ጥቂቶች ናቸው፣ ከጠቅላላው ስድብም የእነርሱ ድርሻ ትንሽ ነው። አብዛኛው ስድብ የመጣው በሌላ ጊዜ ሰላማዊ ከሆኑ፣ ያን ቀን ከከፋቸው ተራ ተጫዋቾች ነው። ፈተና የወደቀ፣ ቤት ውስጥ የተቆጡት፣ ኔትወርክ ያስቸገረው። እንደ እኔና እንደ አንተ ዓይነት ሰው።

እና ስንናደድ ምን እንላለን? እውነቱን እንነጋገር፤ በእኛ ልጆች አፍ መጀመሪያ የምትመጣው እናት ናት። «እናትህን» ብሎ የሚጀምረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወላጅን መስደብ ከከባድ ወንጀሎች እንደሆነ ሲናገሩ፣ ሰሓቦቹ ሰው እንዴት የገዛ ወላጁን ይሰድባል ብለው ተገረሙ። መልሳቸው ቀላል ነበር፤ የሌላውን አባት ሲሰድብ ያኛው የእርሱን አባትና እናት ይሰድብበታል። ሎቢ ውስጥ ይህ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። አንተ አንድ ጊዜ ትላለህ፣ ከወዲያ በኩል ይመለሳል። ኩሽና ቡና የምታፈላው እናትህ፣ ምናልባት አሁን ለአንተ ዱዓ እያደረገች ያለችው፣ በማታውቀው ሰው አፍ ትሰደባለች። በሩን የከፈትክለት አንተ ነህ።

ሁለተኛው ብሔርና ዘር ነው። ይህንን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ አገራችን ውስጥ አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምታቆስል ሁላችንም አይተናል። ሱረቱ አል-ሑጁራት በሰው ላይ ከማሾፍና ሰውን በሚጠላው ቅጽል ከመጥራት ከልክላናለች፤ «ማይክ ላይ ከሆነ ግን ይፈቀዳል» የሚል የለበትም። እህቶቻችንም አሉ። ድምፃቸው የሴት መሆኑ ሲታወቅ በሚመጣባቸው ነውር የተነሣ ማይካቸውን ዘግተው የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። አንተ ባትናገር እንኳ ከጓደኛህ ጋር አብረህ ከሳቅክ ድርሻህን አስብ።

«ጌም ነው፣ እዚያው ይቀራል» የሚል መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አሜሪካ ውስጥ ኮል ኦፍ ዱቲ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች በ1.50 ዶላር ውርርድ ተጣሉ። (ውርርዱ ራሱ ቁማር መሆኑን እናልፈው።) አንዱ ፖሊስ እልክብሃለሁ ብሎ ዛተ፤ ሌላው የቀድሞ ቤቱን አድራሻ ሰጥቶ «ና እስቲ» አለው። የዛተው ልጅ ሌላ ሦስተኛ ሰው ፈለገ፤ ያ ሰው ለካንሳስ ግዛቷ ዊቺታ ከተማ ፖሊስ ደውሎ በዚያ ቤት ሰው እንደገደለና ሌሎችን እንዳገተ አድርጎ ዋሸ። ፖሊሶች ቤቱን ከበቡ። ምን ተፈጠረ ብሎ ወደ በሩ የወጣው የ28 ዓመት ሰው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጠቡን አያውቅም፣ ከተጣሉት አንዱንም አያውቃቸውም። የሁለት ልጆች አባት ነበር። ደዋዩ 20 ዓመት ተፈረደበት። እዚያው ይቀራል የተባለው ጠብ ነው።

ካምፓኒዎቹም ነገሩ እዚያው እንደማይቀር ገብቷቸዋል። ቫሎራንት እ.ኤ.አ. በ2021 ደንቡን ቀይሮ ተጫዋች ሪፖርት ሲደረግ ድምፁ ተቀድቶ እንዲመረመር ፈቀደ። ኮል ኦፍ ዱቲ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ንግግር እየሰማ ስድብ የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ጀምሯል። ይህ ሲነገረው «ድምፄን ይቀዱታል እንዴ?» ብሎ የሚደነግጥ ልጅ አለ። ሱረቱ ቃፍን በጁሙዓ ኹጥባ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ከአፋችን የምትወጣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትመዘገብ እንደማታልፍ የምትነግረን እርሷ ናት። ለዚያ ምዝገባ ሪፖርት መደረግ አያስፈልግም።

ስለ ሪፖርት ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ያሸነፈህን ልጅ «ሀከር ነው፣ ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉት» ብሎ ቡድን ማስነሣት አለ። ካላጭበረበረ ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ቁልፍ በመጫን ስለተሰጠ አይቀልም። በእውነት የሚሳደብ ሲገጥምህ ግን ሪፖርት አድርገው፣ ሚውት አድርገው፣ መልስ አትስጠው። ሚውት ማድረግ ፈሪነት አይደለም። ቁጣህ ከገነፈለም ስልኩን አስቀምጠህ ውዱእ አድርግ፤ ያንን ዙር ብትሸነፍ የሚጎድልብህ ጥቂት ነጥብ ነው።

ያለፈውስ? ራዮት ጌምስ ሌላም ያየው ነገር ነበር። «ታግደሃል» ብቻ ከተባለው ይልቅ የታገደበትን ቃል ራሱን አውጥተው ያሳዩት ተጫዋች የተሻለ ይታረማል። ስለዚህ ዛሬ በጥቅሉ «አስተግፊሩላህ» ብለህ አትለፈው። ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለህ እንደሰደብክ አንድ በአንድ አስታውስ። በሰው ላይ የሠራነው በደል ዲናርና ዲርሃም ከማይሠራበት ቀን በፊት ዛሬውኑ እንድንጨርሰው ታዘናል፤ ዩሲም ዳይመንድም ያን ቀን አይሠራም። ሰውየውን የማታገኘው ከሆነ ዱዓ አድርግለት፣ በሰደብክበት ቦታ በመልካም አንሣው። የምታገኘው ከሆነ ግን በቀጥታ «ወንድሜ፣ ያን ቀን ተናድጄ ሰድቤህ ነበር፣ አውፍ በለኝ» በለው። ሊስቅብህ ይችላል፣ ይሳቅ።

ብዙዎቹ ጌሞች በቅርቡ አብረውህ የተጫወቱትን ሰዎች ዝርዝር ያሳያሉ። ትናንት ማታ የሰደብከው ልጅ አሁን እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት መልስ ብትከፍተው ታገኘዋለህ፤ ጥቂት ዙር ተጨማሪ ከተጫወትክ ግን በሌሎች ስሞች ተገፍቶ ከዝርዝሩ ይወጣል።