የኪሳችን ሳንቲምና የሪባ በር

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 19ኛው አያ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ዲናቸውን ይዘው ወደ ዋሻ የሸሹት ወጣቶች ከረጅሙ እንቅልፋቸው ከነቁ በኋላ ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘባቸውን አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ይልኩታል። እንዳይታወቅባቸው ፈርተዋል፤ ቢያዙ የሚጠብቃቸውንም ያውቃሉ። እንደዚያም ሆኖ «ያገኘኸውን ይዘህ ና» አላሉትም። የትኛው ምግብ ይበልጥ ንጹህ እንደሆነ አይቶ እንዲያመጣ አደራ አሉት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው እንኳ ገንዘባቸው የሚገባበትን ይመርጡ ነበር።

እኛስ? ስለ ትልቁ ገንዘብ እንጠይቃለን። የባንክ ወለድ፣ የመኪና ብድር፣ የቤት ግዢ ሲነሳ «ኡስታዝ፣ ይህ እንዴት ነው?» እንላለን። ቤት ውስጥ ጆግና ብርጭቆ ሙሉ ስላጠራቀምነው ሳንቲም ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኔም የገባሁበት ሳልጠይቅ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የታክሲና የሱቅ መልስ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ አጠራቅም ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቆጠርኩት፤ 270 ብር ሆነ። ታክሲ ተራ ይዤው ስሄድ አንድ ረዳት አየኝና «ወንድሜ፣ በ300 ልውሰድልህ?» አለኝ። ደስ አለኝ። 30 ብር በነጻ! ሦስት ድፍን መቶ ብር ተቀብዬ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት መድረሳ ውስጥ ስንቀራው የነበረው ኪታብ የሪባ ባብ ላይ ደረሰ። ሐዲሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኡስታዛችን «ይህን ዛሬ በገበያችን የት አያችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ግን አፌ ተያዘ። ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ትዝ አለኝ። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ሰውየውን ፈልገህ ሠላሳውን መልስለት፤ ካጣኸው በእሱ ስም ሰደቃ አድርገው» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ብሩን ስሰጠው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ጠዋት ሳንቲም ስገዛ የምከስረውን ቀን ላይ ከተሳፋሪው ነው የማካክሰው። ‹ዝርዝር የለም› እላለሁ። የሚጨቃጨቀኝ ጥቂት ነው።»

አስቡት እንግዲህ። እኔ በነጻ መጣ ያልኩት 30 ብር በነጻ አልመጣም። ጉሊት ሸጣ ከምትመለስ እናት፣ ትምህርት ቤት ከሚሄድ ልጅ፣ መልሱን ለመጠየቅ ካፈረች እህት እየተቀነሰ የመጣ ነው። የእኔ ትርፍ የእነሱ «ዝርዝር የለም» ሆነ።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ዑባዳ ኢብኑ ሳሚት (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስድስት ነገሮችን ጠርተዋል፦ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። ከእነዚህ አንዱ በራሱ ዓይነት ሲለወጥ ሁለት መስፈርት አለ። አንደኛ እኩል ይሁን፤ ሁለተኛ እዚያው እጅ በእጅ ይሁን። ዓይነቱ ሲለያይ፣ ለምሳሌ ወርቅ በብር ሲለወጥ፣ መጠኑ ቢበላለጥ ችግር የለም፤ እጅ በእጅ መሆኑ ግን አይቀርም።

«እኔና ረዳቱ ተስማምተናል፤ ማን ተበደለ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ መልሱን ያገኘው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ነው። ቢላል (ረ.ዐ) በርኒይ የሚባለውን ጥሩ ተምር ይዘው መጡ። ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ፣ ዝቅተኛ ተምር ነበረንና ሁለቱን ቁና በአንድ ቁና ለወጥኩት አሉ። እዚያ ማታለል አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ወደው ነው የተለዋወጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ይህ ራሱ ሪባ መሆኑን ነገሯቸው። ወዲያውም መውጫውን አሳዩ፦ የራስህን ተምር ሽጥ፣ በገንዘቡ ሌላውን ግዛ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መስማማት ብቻውን ሪባን ሐላል አያደርግም። ደግሞም ሸሪዓ አንዱን በር ሲዘጋ ሐላሉን በር አጠገቡ ይከፍታል።

ሳንቲምና የወረቀት ብር አንድ ናቸው?

እዚህ ላይ ኢኽቲላፍ አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የጥንት ፉቀሃዎች ከመዳብ ስለሚሠራ «ፉሉስ» ስለሚባል ሳንቲም ተወያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም፣ ፉሉስ ቢዘዋወርም እንደ ወርቅና ብር የሪባ ገንዘብ አይደለም የሚል ነው። ኢማም ማሊክ በበኩላቸው፣ ሰዎች ቆዳን እንኳ ማኅተም አድርገውበት ገንዘብ ቢያደርጉት በወርቅና በብር በዱቤ መለወጡን እንደሚጠሉ ተናግረዋል። የሳቸው እይታ የሚያርፈው ነገሩ በተሠራበት ላይ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው።

በእኛ ዘመንም ጥያቄው ተነስቷል። በሳዑዲ ዓረቢያ በሳንቲም የሚሠራ የመንገድ ስልክ በነበረበት ጊዜ ዘጠኝ የብረት ሪያል በአሥር የወረቀት ሪያል መለወጥ ይቻላል ወይ ተብሎ ተጠይቋል። ብረትና ወረቀት ሁለት ዓይነት ናቸው ብለው የፈቀዱ ዓሊሞች ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ ከልክለዋል።

በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የወረቀት ገንዘብ ሙሉ የገንዘብነት ባሕርይ ያለው በመሆኑ የወርቅና የብር ሕግ፣ ማለትም ሪባውም ዘካውም፣ እንደሚመለከተው ወስኗል። እንግዲህ የእኛን ብር እንይ። ሳንቲሙም ኖቱም የሚወጣው ከአንዱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። መቶ ሳንቲም አንድ ብር ነው። ባለሱቁ ሁለቱንም በአንድ ሒሳብ ይቀበላል። ማንም ስንዴና ገብስ እንደሚለይ «ይህ ሌላ ገንዘብ ነው» አይልም። ስለዚህ ልቤ የሚያርፍበት፣ ለእናንተም የምመክረው የከለከሉትን አቋም ነው። 90 በ100 አትለውጡ። የሌላውን አቋም የያዘ ወንድማችሁን ግን «ሪባ በላተኛ» እያላችሁ አትስደቡ።

ታዲያ ሳንቲሜን የት ልውሰደው?

1ኛ. ተጠቀሙበት። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የታክሲ ሒሳብ በሳንቲም ክፈሉ። ረዳቱን ማገዝ ከፈለጋችሁ ሳንቲሙን አትሽጡለት፤ ሒሳባችሁን በዝርዝር ክፈሉት። ይህ ለእሱ ትልቅ ውለታ ነው።

2ኛ. ለሰፈራችሁ ባለሱቅ ስጡት። እሱም መልስ ይቸግረዋል። 100 በ100፣ ቆጥራችሁ፣ እጅ በእጅ። ዝርዝር ፍለጋ ሲንከራተት የሚውልን ሰው ያለ ትርፍ ማገዝ ራሱ ሰደቃ ነው።

3ኛ. ባንክ አስገቡት። በየዓይነቱ ለይታችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ። ሳይለይ በከረጢት የመጣ ሳንቲም ገንዘብ ተቀባዩን ያስመርራል፤ ከኋላችሁ የተሰለፈውንም ሐቅ ይነካል።

4ኛ. በቴሌብር ቀይሩት። ለባለሱቁ 200 ብር ሳንቲም ሰጥታችሁ እሱ 200 ብር ወዲያው ቢልክላችሁ ይህም ልውውጥ ነው። የፊቅህ አካዳሚው በ1990 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን እንደ ርክክብ ቆጥሮታል። ስለዚህ መልእክቱ እስኪገባ እዚያው ቆዩ፤ «ማታ እልክልሃለሁ» አይሁን።

5ኛ. ሰደቃ አድርጉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግማሽ ተምር እንኳ ቢሆን ከእሳት እንድንጠበቅ መክረውናል። በቀን አንድ ብር ሳጥን ውስጥ የሚጥል ሰው፣ መጠኑ ቢያንስም፣ አላህ ዘንድ የጎመን ዘር ታህል አትጠፋበትም።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድምና እህቶችም አላችሁበት። አሜሪካ ውስጥ በየሱፐርማርኬቱ ያለው የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን ከገንዘባችሁ ላይ በመቶኛ ይቆርጣል። ሂሳባችሁ ያለበት ባንክ ሙሉውን የሚቀበላችሁ ከሆነ እሱን አስቀድሙ። ከሹብሃም ትድናላችሁ፤ ገንዘባችሁም አይጎድልም።

የሚያዳልጡ ቦታዎች

«ቀሪውን ነገ ውሰድ»። ማሊክ ኢብኑ አውስ መቶ ዲናር ሊለውጡ ጦልሐ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ዘንድ ሄዱ። ጦልሐ ወርቁን በእጃቸው እያገላበጡ፣ ገንዘብ ያዤ ከጋባ እስኪመጣ ጠብቀኝ አሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ይሰሙ ነበርና ገንዘቡን ሳይቀበል እንዳይለየው በአላህ ምለው ተናገሩ። ጦልሐ ጀነት ከተመሰከረላቸው አሥሩ ሰሓቦች አንዱ ናቸው፤ ማንም በታማኝነታቸው አይጠረጥራቸውም። ጉዳዩ የታማኝነት አልነበረም፤ ልውውጥ እዚያው ማለቅ ስላለበት ነው። ስለዚህ 100 ብር ልትዘረዝሩ ሄዳችሁ ባለሱቁ ዘንድ 60 ብቻ ካለ፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ። ዕቃ ገዝታችሁ መልስ ሲያጣ «ቀሪው አንተ ዘንድ አማና ይቀመጥ» ብትሉ ግን ብዙ ዓሊሞች ይህን ከልውውጥ አልቆጠሩትም።

በግምት መለወጥ። «ይህ ፕላስቲክ ወደ 500 ይሆናል፤ በ500 ውሰደው» አይባልም። ፉቀሃዎች በሪባ ጉዳይ እኩልነቱን አለማወቅ መበላለጡን እንደማወቅ ይቆጠራል የሚል መርህ አላቸው። ቁጠሩት።

«የጉልበት ዋጋ» የሚል ሽፋን። አንድን ልጅ ሳንቲሜን ባንክ ወስደህ ቀይርልኝ ብላችሁ 20 ብር ብትከፍሉት ሐላል ነው፤ ወኪላችሁ ነው፣ ለድካሙ ተከፈለው። ሳንቲሙን ራሱ የሚለውጣችሁ ሰው አሥሩን ቆርጦ «ይህ የመቁጠሪያ ነው» ካለ ግን ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በዒድ ሰሞን በአንዳንድ የዐረብ አገራት አዲስ ኖት በትርፍ መሸጡም ከዚሁ ይመደባል።

ማስቲካ በመልስ ፋንታ። ባለሱቁ ጠይቋችሁ ከወደዳችሁ ሽያጭ ነው፤ ምንም የለበትም። ሳይጠይቅ እጃችሁ ላይ ካስቀመጠና አፍራችሁ ዝም ካላችሁ ግን ያ ፈቃድ አይደለም። ባለሱቅ የሆናችሁ ወጣቶች፣ አንድ ቃል ጠይቁ፤ «ዝርዝር አጥቻለሁ፣ ማስቲካ ይሁን?» ማለት አይከብድም።

የረዳቱ መልስ። በሱረቱል ሙጠፊፊን አላህ የዛተው ሲቀበሉ ሞልተው የሚቀበሉ፣ ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉ ሰዎችን ነው። ይህ ለረዳት ብቻ አይደለም። ረዳቱ በስህተት አሥር ብር ትርፍ ሲመልስልን «አላህ ሰጠኝ» ብለን የምንወርድ ተሳፋሪዎችም አለንበት።

ረዳት የሆንክ ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። ዝርዝር ከሌለህ ቀንህ በጭቅጭቅ ያልፋል። ከአንድ ሁለት ባለሱቆች ጋር ተነጋገር፤ ማታ የሰበሰቡትን ሳንቲም ያለ ትርፍ በእኩል ይለውጡልህ። አንተም በተራህ ሳንቲም ሲበዛብህ ለእነሱ ውሰድላቸው። መልስ ያጣህለትን ሰው ደግሞ ይቅርታ ጠይቀው፤ ወዶ ከተወልህ ሐላልህ ነው፣ ካልተወልህ ሐቁ አንገትህ ላይ ነው።

እኔ ያንን 30 ብር ከመለስኩ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ታክሲ ውስጥ «ዝርዝር የለም» ሲባል ስሰማ ያ የውሃ ፕላስቲክ ትዝ ይለኛል። የቂያማ ቀን የብናኝ ክብደት ያህል መልካም የሠራ ያየዋል፣ የብናኝ ክብደት ያህል መጥፎ የሠራም ያየዋል። ሳንቲም ደግሞ ከብናኝ ትከብዳለች።

የዚህ ሳምንት ሥራችን ይህ ይሁን፦ ቤት ያለውን ሳንቲም አውጡ፣ ቆጥሩት፣ ለአንድ ለሚቸግረው ባለሱቅ ወይም ረዳት በእኩል ስጡት። የቀድሞ ስህተት ካለ ባለቤቱን ፈልጉ፤ ካጣችሁት በስሙ ሰደቃ አውጡና ተውበት አድርጉ።

አላህ ሆይ፣ በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃን። ጥቂቱን በረካ የሞላበት አድርግልን። በዚህ በጁሙዓ ቀን በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወላሁ አዕለም።