ሰፊ ቤት ስንፈልግ፦ ከሁለት ሰፈር የትኛውን እንምረጥ?



ባልና ሚስት ጎጆ ሲወጡ አንድ ክፍል ቤት ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ አልጋው ይጠባል፤ ሁለተኛው ሲከተል ደግሞ ሰውና ዕቃ መጋፋት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ «ሰፋ ያለ ቤት እንፈልግ» የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ደላላ ይጠየቃል፣ ወዳጅ ዘመድ ያፈላልጋል፤ ብዙውን ጊዜም በመጨረሻ ሁለት ቤቶች በሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ይቀርባሉ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? በዚህ ትምህርት ይህን ጥያቄ ባልና ሚስት እንዴት አብረው ሊመልሱት እንደሚችሉ እንመለከታለን። ለምሳሌያችንም የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን እንወስዳለን።

እንደሚታወቀው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝና ረግረጋማው የጨፋ ሜዳ አሉ። ስለዚህ በከተማዋ ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት አማራጭ ያጋጥመዋል። አንዱ በአስፋልቱ አካባቢ፣ ገበያና አገልግሎት ቅርብ በሆነበት፣ ነገር ግን ግቢው ጠባብ፣ ኪራዩ ውድ በሆነበት ሰፈር ነው። ሌላው በከተማው ዳር፣ ቦታው ሰፊ፣ ኪራዩ ቀለል ያለ፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር ራቅ ያለበት ሰፈር ነው።

አንድ ምሳሌ

እንበልና የ6 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ወር ሕፃን ያሏቸው ባልና ሚስት አሉ። ባል በገበያው አካባቢ ይነግዳል። ሚስት በቤቷ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሁለት ቤት ተገኝቶላቸዋል። የአስፋልቱ ሰፈር ቤት 2 ክፍል ነው፤ የቧንቧ ውኃ በግቢው ውስጥ አለ፤ ማድ ቤቱ ግን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ኪራዩ በወር 4,000 ብር ነው። የዳር ሰፈሩ ቤት 3 ክፍልና የራሱ ማድ ቤት፣ የራሱም ግቢ አለው። ኪራዩ 3,000 ብር ነው። ነገር ግን ውኃ የሚቀዳው 15 ደቂቃ ከሚያስኬድ ቦኖ ነው።

ባል «ልጆቹ የሚሯሯጡበት ግቢ ይሻላል፤ በወርም 1,000 ብር ይተርፈናል» ይላል። ሚስት «ውኃው የራቀበት ቤት ለእኔ ቤት አይደለም» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ባል የቤቱን ስፋትና ኪራዩን ሲቆጥር፣ ሚስት ደግሞ በዚያ ቤት የሚውለውን ቀን መቁጠሯ ነው። ስለሆነም የዚህ ትምህርት ዋና ምክር ይህ ነው፦ ክፍሎቹን ብቻ አትቁጠሩ፤ በእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሙሉ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ከማለዳ እስከ ማታ አብራችሁ ቁጠሩ።

1. ውኃውን ማን ይቀዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ይህም አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ለአራት ሰው 4 ጀሪካን ይሆናል። የእንጀራው ሥራ 2 ጀሪካን ቢጨምር በቀን 6 ጀሪካን ያስፈልጋል። ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ከሆነ፣ ወረፋውን ሳንቆጥር፣ 6 ጊዜ መመላለስ 3 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሙሉ ጀሪካን ደግሞ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሸክም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ በሆነች እናት ላይ ሲወድቅ ጤናዋን ይጎዳል፤ በትልቋ ልጅ ላይ ሲወድቅ ደግሞ የጥናት ጊዜዋን ይወስዳል።

2. ወባስ?

በከሚሴና በአካባቢዋ ወባ የታወቀ በሽታ ነው። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከበልግ ዝናብ በኋላም በተወሰነ ደረጃ ይነሣል። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ የደም ማነስን፣ ውርጃንና ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድን ሊያስከትል ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም በጽኑ ይታመሙበታል። ስለዚህ ወደ ረግረግ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም አፈር ተቆፍሮ ውኃ ወደሚያቁርበት ቦታ የቀረበ ቤት ስትመለከቱ ይህን አስቡ።

ይሁን እንጂ «እኛ መሐል ከተማ ነን» ብሎ መዘናጋትም አይገባም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ይህ ትንኝ በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና ክዳን በሌለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሁሉ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ግንኙነት እንዳለው ተረጋግጧል። ስለሆነም የትኛውም ሰፈር ብትገቡ የውኃ ዕቃችሁን ክደኑ፤ በየሳምንቱም እያፈሰሳችሁ እጠቡት። አልጋው በአጎበር እንዲሸፈን አድርጉ። ቤቱን ስታዩም አጎበር ለመስቀል የሚመች መሆኑን ተመልከቱ።

3. አስፋልቱና ልጆቹ

የአውራ ጎዳናው ጥቅም ብዙ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። ቀንና ሌሊት ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ። የ6 ዓመት ልጅ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት አትችልም። ስለዚህ ት/ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ከሆነ ማን እንደሚያሻግራት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የግቢው በር በቀጥታ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት ቤት፣ መዳህ ለጀመረ ሕፃን አይመችም። ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ ቤት ቢገኝ ይመረጣል።

4. ት/ቤትና ክሊኒክ

ስለ ት/ቤት ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ጠይቁ። በብሔረሰብ ዞኑ ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ ነው። ልጃችሁ ትምህርት የጀመረችበት ቋንቋ በአዲሱ ሰፈር ት/ቤት እንዳለ አረጋግጡ።

የክሊኒክ ርቀት ደግሞ በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ለውጥ ያመጣል። በየ3 ወሩ የሚወሰደውን መርፌ የምትጠቀም እናት በዓመት 4 ጊዜ ወደ ክሊኒክ መምጣት አለባት። መንገዱ ሲርቅ፣ ሕፃኑ ሲያስቸግር፣ የባጃጅ ገንዘብ ሲጠፋ ቀጠሮው ይዘለላል። ብዙ ያልታሰበ እርግዝና የሚመጣውም ከእንዲህ ያለ የተዘለለ ቀጠሮ ነው። ርቀቱ የማይቀር ከሆነ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውንና እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግለውን፣ ወይም ከ10 ዓመት በላይ ሊያገለግል የሚችለውን የመዳብ ሉፕ በተመለከተ የጤና ባለሙያ አማክሩ። ለጊዜው ቀጠሮዋ መርፌ ለሆነው እናት ግን፣ ዕቃ በሚጫንበት ቀን የቀጠሮ ካርዷ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር አይታሸግ።

5. ጎረቤትና ቅሬ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። በወሎ ሐዘንም ሆነ ችግር ሲደርስ ሰው የሚደርስለት በቅሬው ነው። ሰፈር ስትለውጡ ከቅሬያችሁ ትርቃላችሁ ወይስ እዚያው ትቆያላችሁ? በአዲሱ ሰፈርስ እንዴት ትገባላችሁ? ምጥ በሌሊት ቢመጣ የሚጠራው ማን ነው? እናት አራስ ስትሆን የምትረዳት እናቷ ወይም እህቷ በእግሯ ልትመጣ የምትችልበት ርቀት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ደላላ አያነሣውም። የምታነሡት እናንተ ናችሁ።

6. ቤቱ ራሱ

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት በአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ ሲኖር ቤቱ ተጨናንቋል ይላል። መስኮቱ የማይከፈት ጠባብ ክፍል ሳልና የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ እንዲተላለፉ ያደርጋል። የማድ ቤት ጭስ ወደ መኝታ የሚገባ ከሆነ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ቤት ማሳደር ደግሞ ሰው ይገድላል። የጉድጓድ ውኃ ያለበት ግቢ ከሆነ መፀዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን ተመልከቱ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የዳር ሰፈሩ ቤት በወር 1,000 ብር ያተርፋል ተብሎ ነበር። እናት በቀን 3 ሰዓት እንዳትመላለስ ውኃው በጋሪ ይምጣ ቢባልና አንድ ጀሪካን 5 ብር ቢሆን፣ 6 ጀሪካን በቀን 30 ብር፣ በወር 900 ብር ይሆናል። ልጅቷ ከሌሎች ልጆች ጋር በባጃጅ ስትመላለስ ለአንድ ጉዞ 10 ብር ብትከፍል፣ በቀን 20 ብር፣ በ22 የትምህርት ቀን 440 ብር ይሆናል። ድምሩ 1,340 ብር ነው። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ቤት በወር በ340 ብር ውድ ሆኖ ተገኘ። እንጀራው ወደ ምግብ ቤቶቹ የሚደርስበት የመጓጓዣ ዋጋ ገና አልታሰበም። በእናንተ ከተማ ዋጋው የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ስንት ሆነን እንገባለን?

ቤት ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥያቄ ይህ ነው። «ወደፊት ልጅ ይጨመራል» ተብሎ ዛሬ የማያስፈልግ ክፍል ይከራያል፤ ወይም ስለ ልጅ ሳይነጋገሩ ይገባና በዓመቱ ቤቱ እንደገና ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። ይህ ለእናትም ለሕፃኑም ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በከተማ የምትኖር ሴት በአማካይ 2.3 ልጅ፣ በገጠር የምትኖር ደግሞ 5.2 ልጅ ትወልድ ነበር። ይህም የከተማ ባልና ሚስቶች ኑሯቸውንና የልጆቻቸውን ቁጥር አብረው ማሰብ መጀመራቸውን ያሳያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት፣ እንዲሁም ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ስለ ልጅም ስለ ቤትም የሚስት ቃል ከባል ቃል እኩል ነው። በሽያጭም በኪራይም ቢሆን ውሉን ሁለታችሁም አንብባችሁ ፈርሙ።

የምሳሌያችን ባልና ሚስት በዚህ መንገድ ቢመክሩ ምን ይወስናሉ? ሕፃኑ ገና የ4 ወር ነው። ቀጣዩን ልጅ ለ3 ዓመት ያህል ለማቆየት ከተስማሙ፣ 2 ክፍል ለአራት ሰው ይበቃል። ውኃው በግቢው ስላለ የእናት ጉልበትና ገቢ ይጠበቃል። ስለዚህ ለአሁኑ የአስፋልቱ ሰፈር ይሻላቸዋል። ነገር ግን ከመንገዱ ገባ ያለ ቤት እንዲሆን፣ ልጅቷን አባቷ ጠዋት እያሻገረ እንዲያደርስ፣ የጋራ ማድ ቤቱም ጭስ መውጫ እንዲኖረው ይነጋገራሉ። የባልም ሐሳብ ውድቅ አልሆነም። ሕፃኑ 3 ዓመት ሲሞላውና በዳር ሰፈሩ ቧንቧ ሲገባ ግቢ ወዳለው ቤት መሄድን በዕቅዳቸው ያስገባሉ።

ለሌላ ቤተሰብ መልሱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው ያደጉ፣ ውኃ በግቢያቸው የገባላቸው፣ አያት አብራቸው የምትኖር ከሆነ ሰፊው የዳር ቤት ይሻላቸዋል። ዋናው ነገር ውሳኔው በምክክር መሆኑ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተያዘ ቤት በችኮላ ይለቀቃል።

ከመወሰናችሁ በፊት

• ሁለቱንም ሰፈር አብራችሁ ሦስት ጊዜ እዩ፦ ጠዋት ልጆች ወደ ት/ቤት ሲሄዱ፣ ማታ ከመሸ በኋላ፣ እንዲሁም ዝናብ በዘነበ ማግስት።

• ቤቱን ከሚያከራየው ሰው ይልቅ ጎረቤት የሆነችውን እናት ጠይቁ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በነሐሴ ጎርፍ እስከ የት ይደርሳል? ባለፈው መስከረም ከቤቷ ስንት ሰው ወባ ያዘው?

• ከቤቱ እስከ ቦኖው፣ እስከ ት/ቤቱና እስከ ክሊኒኩ በእግር ሂዱ፤ ደቂቃውንም ጻፉ። ሕፃኑን አዝላችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ትረዱታላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?
2. በሚቀጥሉት 3 ዓመታት ልጅ ለመጨመር ታስባላችሁ? በዚህ ላይ ሁለታችሁ ተነጋግራችኋል?
3. ሰፈር ብትለውጡ የክሊኒክ ቀጠሯችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተወያዩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ካስቸገራችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ክሊኒክ ብቅ በሉ፤ ባለሙያዎቹ በደስታ ያማክሯችኋል። አዲሱ ቤታችሁ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ።