አሮጌ ፉርጎ መቼ ቅርስ ይሆናል? ከቤተሰብ ጋር በለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም

በትምህርት ክፍላችን «ሙዚየም» ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዘውድ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ጋሻና ጦር ነው። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም አይጠፋም። በዚህች መጣጥፍ የማነሳው ሙዚየም ግን ዘውድ የለውም። ያለው አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ቲኬትና የመቀመጫ ጨርቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከእማዬ ጋር እህቴን ልንጠይቅ ለንደን በሄድንበት ጊዜ፣ የእህቴን ሁለት ልጆች ይዘን ሙሉ ቀን የዋልንበት የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወንዱ አምስት፤ እማዬ ደግሞ ስድሳ ስምንት። እንግዲህ የአምስት ዓመት ሕፃንና የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት አብረው የገቡበት ቤት ሁለቱንም ሳያሰለች እንዴት ሊይዝ ይችላል? የቅርስ አስተዳደር ተማሪ ስለሆንኩ ከዕቃዎቹ ይልቅ ይህንን ነበር የምከታተለው።

ቤቱ ኮቨንት ጋርደን በሚባለው የከተማው መሐል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአበባ ገበያነት የተሠራ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው። ሙዚየሙ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ስብስቡ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። በ1920ዎቹ የከተማዋ ትልቁ የአውቶቡስ ኩባንያ ከአገልግሎት የወጡ ሁለት በፈረስ የሚጎተቱ አውቶቡሶችንና ከመጀመሪያዎቹ ባለ ሞተሮች አንዱን ለብረት ሻጭ ከመስጠት ይልቅ አስቀመጣቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ የፈረስ አውቶቡስ ማለት «ጥንታዊ» አልነበረም። አብዛኛው የከተማ ሰው በልጅነቱ ተሳፍሮበታል፤ ጎዳናው ላይ ከጠፋ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ማለትም ቅርስ ያደረገው ዕድሜው ሳይሆን አንድ ሰው «ይህ ነገ አይገኝም» ብሎ ማሰቡ ነው።

ልጆች የሚገቡት በነፃ ነው። ለእኛ ለአዋቂዎች የተቆረጠው ቲኬትም ለአንድ ዓመት ተመላልሶ የሚያስገባ ነበር። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሕፃን የያዘ ሰው «ከፍዬበታለሁ፣ ሁሉንም ሳላሳይ አልወጣም» ብሎ ልጁን እየጎተተ እንዳያሰቃይ ያደርገዋል። ወንዱ ልጅ መግቢያው ላይ አንዲት ካርድ ተሰጠችው። በየክፍሉ ማኅተም የሚመታበት መሣሪያ አለ፣ ካርዱን አስገብቶ ይጫናል። ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ በኋላ እኛን የሚመራን እሱ ሆነ።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከላይኛው ፎቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ጆርጅ ሺሊቢር የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ያስጀመረው የመጀመሪያው የፈረስ አውቶቡስ አምሳያ እዚያ ቆሟል። ሦስት ፈረስ ጎን ለጎን ይጎትተው ነበር፤ 22 ሰው ይይዛል። ለአንድ አውቶቡስ በቀን ከአሥር ያላነሱ ፈረሶች እየተፈራረቁ ያስፈልጉ ነበርና፣ የፈረሱ ቀለብ የኩባንያው ትልቁ ወጪ ነበር። ወረድ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1866 የተሠራ ባለ እንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለ። የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በ1863 ሲከፈት በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበር ጭሱ በዋሻ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ይህ ሎኮሞቲቭ ጡረታ የወጣው በ1948 ነው። ልጅቷ «ሰማንያ ሁለት ዓመት!» ብላ ራሷ ቀንሳ አገኘችው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1890 በተከፈተው የኤሌክትሪክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የሠራ አንድ ፉርጎ ነው። በግራና በቀኝ እስከ ጣሪያው ግርጌ ድረስ የተለበጠ ረጅም መቀመጫ አለው፤ መስኮቱ ግን ከራስ በላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት። የሠሩት ሰዎች «ዋሻ ውስጥ ምን የሚታይ አለና መስኮት?» ብለው ነው አሉ። ሕዝቡ የእብድ ማቆያ ክፍል አስመስሎ ስም አወጣለት። ተሳፋሪው የት እንደደረሰ ስለማያይ በየጣቢያው የጣቢያውን ስም ጮሆ የሚጠራ ሠራተኛ ነበር። ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ልጅቷ መግለጫውን አንብባ ለእማዬ በተሰባበረ አማርኛ ስታስረዳት እማዬ ሳቀችና፣ «እኛ ጋ እንኳ መስኮት ነበር» አለች።

የድሬዳዋ ልጅ ናት። በባቡር አዲስ አበባ እንደምትመላለስ እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈ ግን አውርታን አታውቅም። እዚያ ጠባብ ፉርጎ ውስጥ ሆና ግን ጣቢያዎቹን ትጠራቸው ጀመር፦ ኤረር፣ አፍደም፣ ሜኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሃራ… ሊቶሪናዋ ፈጣን እንደነበረች፣ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ የእንጨት መቀመጫው ጀርባ እንደሚያደማ፣ ባቡሩ ሲቆም በመስኮት እንቁላልና ፓፓያ እንደሚገዛ ነገረቻቸው። ወንዱ ልጅ «አያቴ፣ ባቡሩ አሁን የት ነው?» አላት። ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔንጃ ልጄ፣ ቆሞ ይሆናል» አለችው።

በክፍል ውስጥ «ሙዚየም ያስተምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፈናል። እዚህ ያየሁት ግን የሚያስተምረው መግለጫው ብቻ እንዳልሆነ ነው። ዕቃው ሊቀመጡበት የሚቻል በመሆኑ አያት መምህር ሆነች። መስታወት ውስጥ ቢሆን ኖሮ አይታ ታልፈው ነበር።

ለሕፃናት የተለየው የመጫወቻ ክፍል ታች ነው። ትንሽ ባቡር ይጠግናሉ፣ የአውቶቡስ መሪ ይይዛሉ፣ ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ የሚቀመጥበት ቢሮ ውስጥ ይሠራሉ። ጫጫታው አይጣል ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ወላጆች ስልካቸው ላይ ተጎንብሰው ነበር። ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ወደዱት፤ ነገር ግን አንድን ሙዚየም የቤተሰብ የሚያደርገው የመጫወቻ ክፍል ነው የሚል ካለ አልስማማም። መጫወቻ ክፍል ልጆችን ከአዋቂዎች ይለያል፤ ያ ፉርጎ ግን ሦስት ትውልድ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጧል። ስለ ሠራተኞቹ የሚተርከው ክፍልም እንዲሁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶች ሲዘምቱ ቲኬት ቆራጭ የሆኑት ሴቶች፣ ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ከባርቤዶስ ተቀጥረው የመጡት ሠራተኞች ቦታ ተሰጥቷቸዋል። የሃሪ ቤክን ካርታ ብዙ አላየነውም። በ1931 መሥመሮቹን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ሲስለው መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም፤ በ1933 ታተመ። ልጆቹ ያን ሰዓት ርቧቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። «ለገሃር» የሚለው ስም እንኳ ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ አፋችን ላይ ቅርስ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመር በ2016 ሲመረቅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ነው። የድሮው 1 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ በምንም መንገድ ሊሄዱ አይችሉም። ወይ ይጠበቃሉ፣ ወይ ብረት ናቸው፤ ሦስተኛ ምርጫ የላቸውም። ድሬዳዋ ያለው የድሮው ጋራዥ ውስጥ ብረቱ ገና አለ። ብረት ደግሞ ይታገሣል፣ ሰው ግን አይታገሥም። በፈረንሳይኛ ትእዛዝ እየተቀበሉ ማሽን ያሽከረከሩ፣ ቲኬት የቆረጡ፣ ሐዲድ የጠበቁ ሰዎች ዛሬ የእማዬ ታላላቆች ናቸው።

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። የማሰባስበው የኩባንያውን ታሪክ አይደለም፤ እሱ በመጠኑ ተጽፏል። የጣቢያውን ስም የሚጠራው ማን ነበር፣ በየትኛው ቋንቋ? በሦስተኛ ማዕረግና በአንደኛ ማዕረግ መካከል ያለውን በር ማን ይጠብቅ ነበር? ጋራዥ ውስጥ መፍቻውና መዶሻው በምን ስም ይጠሩ ነበር? በየካቲት እረፍት ወደ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። በምድር ባቡር የሠራ አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን ካላችሁ ስማቸውንና ሰፈራቸውን በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት በኩል ብታደርሱኝ፣ ከረቡዕ በስተቀር ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እገኛለሁ።